እንቅልፍም ሕልምም፤ ኅብረ ቃል በእስፓንኛ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ

ቃል በመዝገብ ውስጥ ሳለ ሥራ ያልያዘ ሰው ይመስላል፤ ምን እንደሚችል ይታወቅ ይሆናል፣ ምን እንደሚሠራ ግን ገና አልታወቀም። ሥራ የሚያስይዘው ዐረፍተ ነገሩ ነው፤ ከዐረፍተ ነገሩም አልፎ ተናጋሪው፣ አድማጩ፣ ቦታውና ዘመኑ ናቸው። ስለዚህም ሁለትና ሦስት ፍቺ ያለው ቃል ሲያጋጥም፣ በማን አንደበት፣ ለማን ጆሮ፣ በምን ሁኔታ እንደተነገረ ሳይመረምሩ «ቃሉ ታውቋል» ማለት ራስን መደለል ይሆናል። ይህ በየትኛውም ቋንቋ እውነት ነው። ይሁን እንጂ 20 ነጻ አገሮች በመንግሥት ቋንቋነት የሚገለገሉበት፣ ከካስቲልያ ተነሥቶ ውቅያኖስ የተሻገረው፣ በአንዲስ ተራሮችና በካሪብ ደሴቶች ከነባር ቋንቋዎች ቃል እየተዋሰ ያደገው እስፓንኛ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ መመርመሪያ ነው።

ጉዳዩ የቋንቋ መምህራንን ብቻ የሚመለከት አይደለም። የእስፓንኛ ድርሰት ወደ አማርኛ አንባቢ የሚደርሰው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ በኩል ነው። በዚህ ጉዞ ቃሉ በሁለት ወንፊት ያልፋል። መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ የሚመልሰው ተርጓሚ ከሁለቱ ፍቺዎች አንዱን ይመርጣል፤ ቀጥሎ ወደ አማርኛ የሚመልሰው የተመረጠለትን ብቻ ይቀበላል። በወንፊቱ ላይ የቀረው ገለባ ከሆነ ጉዳት የለውም፤ ፍሬው ራሱ የቀረ እንደሆነ ግን አንባቢው እጅ የሚደርሰው የድርሰቱ መልክ እንጂ ድርሰቱ አይደለም። እንግዲህ የትኛው መንታነት ያለ ጉዳት ሊጣል እንደሚችል፣ የትኛው ቢጣል ደግሞ ድርሰቱ አብሮ እንደሚሞት መለየት የሐያሲም የተርጓሚም የመጀመሪያ ተግባር ነው።

በመጀመሪያ የአጋጣሚ መንታዎች አሉ። «ያማ» የሚለው ድምፅ በእስፓንኛ ሦስት ነገር ነው፤ ነበልባል ነው፣ «ይጠራል» የሚል ግሥ ነው፣ በአንዲስ ተራሮች ጭነት የሚሸከም ባለጠጉር እንስሳም ነው። ነበልባሉና ጥሪው «ፍላማ» እና «ክላማሬ» ከሚሉ ሁለት የተለያዩ የላቲን ቃላት የወረዱ ሲሆኑ፣ የእንስሳው ስም የመጣው ከኬችዋ ቋንቋ ነው። የዘመናት ንግግር ድምፃቸውን እየሸረሸረ አንድ አደረጋቸው እንጂ ዝምድና የላቸውም። «ቢኖ»ም እንዲሁ ወይን ጠጅም ነው፣ «መጣ»ም ነው። አማርኛ ይህን ከራሱ ታሪክ ያውቀዋል። የግእዝ የጉሮሮ ድምፆች ልዩነት በአማርኛ አንደበት ሲጠፋ፣ መዳን የሆነው ድኅነትና ማጣት የሆነው ድህነት በጆሮ አንድ ሆነዋል፤ የሚለያቸው ፊደሉና ዐውዱ ነው። ሰባኪ ሲናገረውና የልማት ሠራተኛ ሲናገረው ግን ማንም አድማጭ አይሳሳትም። እንዲህ ያሉት መንታዎች ቀልደኛን ያገለግሉ ይሆናል እንጂ ድርሰት አይሸከሙም፤ ተርጓሚም አንዱን ፍቺ ይዞ ሌላውን ቢተው የሚወቅሰው የለም።

ሁለተኛው ዓይነት ከአንድ ግንድ የወጡ ቅርንጫፎች ናቸው። «ባንኮ» አግዳሚ ወንበር ነው፤ ባንክም ነው። የኢጣልያ ከተሞች ገንዘብ ለዋጮች ሒሳባቸውን የሚሠሩት በአግዳሚ ላይ ስለነበር፣ የዕቃው ስም ለሥራው ተረፈ። «ኤስፖሳስ» ደግሞ ሚስቶች ማለት ነው፤ በዚያው መልኩ የእጅ ካቴና ማለት ነው። ቃል ኪዳን መግባትን ከሚያመለክት የላቲን ግሥ የወረደው ይህ ስም ከጋብቻው ወደ ሰንሰለቱ የተሻገረው በምሳሌ ነው። ቋንቋው የባሎችን ቀልድ ሳይረሳ ይዞታል፤ ታሰርሁ ባዩ ባል ነውና። በእርግጥ የታሰረው ማን እንደነበር ግን ቃሉ አይናገርም፤ የሚናገረው ሕጉ ነው። ያገባች ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ ውል እንዳትዋዋል የሚከለክለው ድንጋጌ በእስፓኝ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1975 ነበር። እንዲህ ያለው መንታ ቃል የኅብረተሰብ ታሪክ ሰነድ ነው፤ ሐያሲም እንደ ሰነድ ሊመረምረው ይገባል።

ሦስተኛውና ዋናው ዓይነት ሁለቱ ፍቺዎች በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚሠሩበት ነው። የ17ኛው ክፍለ ዘመን የእስፓኝ ደራስያን ይህን «ኤኪቮኮ» ይሉት ነበር፤ ባልታሳር ግራስያንም እ.ኤ.አ. በ1648 ባሳተመው የብልኃት ጥበብ መጽሐፉ ራሱን የቻለ ክፍል ሰጥቶታል። በፍራንሲስኮ ዴ ኬቬዶ ዘመን «ጋቶ» ድመትም፣ ሌባም፣ የገንዘብ ከረጢትም ነበር፤ ስለዚህ ስለ ድመት የሚናገር በሚመስል ዐረፍተ ነገር ስለ ገንዘቡና ገንዘቡን ስለሚሰርቀው ሰው አንድ ላይ መናገር ይቻል ነበር። የቅኔ ቤት ተማሪ ይህን ለመረዳት ማድሪድ መሄድ አያስፈልገውም፤ ኅብረ ቃል ብሎ ያውቀዋል። አንድ ልዩነት ግን ልብ ሊባል ይገባል። በሰምና ወርቅ ሰሙ ሊቀልጥ፣ ወርቁ ሊቀር የተሠራ ነው፤ ፈቺው ወርቁን ሲያገኝ ሰሙ ተግባሩን ጨርሷል። ታላላቆቹ የእስፓንኛ ኅብረ ቃላት ግን የሚቀልጥ ሰም የላቸውም። ሁለቱም ፍቺ ወርቅ ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ ይመሰክራል።

ለዚህ የመጀመሪያው ማስረጃ ደራሲው ስሙን የሰወረው፣ እ.ኤ.አ. በ1554 ታትሞ የወጣው «ላሳሪዮ ዴ ቶርሜስ» ነው። ተራኪው ላሳሮ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ አባቱ ይናገራል። አባትየው በወፍጮ ቤት ሲሠራ ከባለእህሎች ጆንያ በመቀነስ ተከሶ ተያዘ፣ አመነ፣ ተቀጣ። ላሳሮ ግን ይህን የሚያወራው በወንጌል ቋንቋ ነው፤ አባቱ በ«ሁስቲስያ» ምክንያት መከራ የተቀበለ ሰው ነው ይላል። «ሁስቲስያ» ጽድቅ ነው፤ «ሁስቲስያ» ደግሞ ሌባን የሚይዙትና የሚቀጡት ሹማምንት ናቸው። አንዱ ፍቺ አባትየውን ከብፁዓን ጋር ያስቀምጠዋል፣ ሌላው ከእስረኞች ጋር። ደራሲው ሌባን ቅዱስ ለማድረግ አልተነሣም። የጠየቀው፣ የጽድቅን ስም ተሸክመው የሚዞሩት ሹማምንት ከጽድቅ ጋር ያላቸው ዝምድና ምንድን ነው ብሎ ነው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1559 ከተከለከሉ መጻሕፍት ዝርዝር ገባ፤ በ1573 እንዲታተም የተፈቀደውም ካህናትን የሚነካው ክፍል ተቀንሶ ነው። የዕገዳው ምክንያት ይህ አንድ ቃል ባይሆንም፣ እንዲህ ያለ ቃል የሚመርጥ ብዕር ለምን እንዳስፈራ መገመት አያዳግትም።

ወደ አማርኛ የሚመልሰው ሰው «ጽድቅ» ቢል ችሎቱ ይጠፋበታል፤ «ችሎት» ቢል ወንጌሉ ይጠፋበታል። ይሁንና አማርኛ በሌላ በር ይገባል። የወንጌሉ አማርኛ የሚናገረው ስለ ጽድቅ መሰደድን ነው፤ «ስደት»ም በአንድ ፊቱ መከራን መቀበል፣ በሌላ ፊቱ ከአገር መውጣት ነው። የላሳሮ አባትም ከቅጣቱ በኋላ ከአገሩ የተባረረ ሰው ነው። እንግዲህ «አባቴ ስለ ጽድቅ ተሰደደ» ብሎ የሚተረጉም ሰው በአንዱ ቃል ያጣውን በሌላው መልሶ ያገኛል ማለት ነው። ኅብር ከነበረበት ቃል ላይ ቢለቅም ከዐረፍተ ነገሩ አልወጣም።

ከዚህ የከበደው ፈተና የካልዴሮን ዴ ላ ባርካ ተውኔት ነው። እ.ኤ.አ. በ1636 የታተመው «ላ ቪዳ ኤስ ስዌኞ» ገና ከርእሱ በአንድ ኅብረ ቃል ላይ ቆሟል። «ስዌኞ» እንቅልፍም ነው፣ ሕልምም ነው። ላቲን ለሁለቱ ሁለት ቃላት ነበሩት፤ «ሶምኑስ» ለእንቅልፍ፣ «ሶምኒዩም» ለሕልም። በእስፓንኛ ሁለቱ በአንድ ድምፅ ተገናኙ። መገናኘታቸው እንደ «ያማ» የድምፅ አጋጣሚ ነው፤ ነገር ግን የተገናኙት በሕይወትም ውስጥ ተያይዘው የሚመጡ ነገሮች በመሆናቸው አጋጣሚው ሐሳብ ሆነ።

የተውኔቱ ታሪክ ይታወቃል። የፖላንድ ንጉሥ ባሲሊዮ ከዋክብትን መርምሮ ልጁ ጨካኝ ገዥ ይሆናል ብሎ ስላመነ፣ ሴሂስሙንዶን ከተወለደ ጀምሮ በግንብ ውስጥ አሳስሮታል። ሊፈትነው በፈለገ ጊዜ የሚያፈዝ መድኃኒት አጠጥቶ፣ አስተኝቶ ወደ ቤተ መንግሥት ያስመጣዋል። ልጁ ነቅቶ ማን እንደሆነ ሲሰማ በቁጣ ይነሣል፤ አንድ አገልጋይም ከሰገነት ይወረውራል። ወዲያው እንደገና አስተኝተው ወደ ግንቡ ይመልሱታል፤ ሲነቃም ያየኸው ሁሉ ሕልም ነበር ይሉታል። ተንኮሉ ያለው በቃሉ ውስጥ ነው። ገዥው ለልጁ የሰጠው እንቅልፍ ነበር፤ አየህ ያለው ግን ሕልም ነው፤ ለሁለቱም ስሙ አንድ ነው። የሠሩትን ሥራ ስሙን ሳይለውጡ ካዱት።

እንግዲህ ርእሱ «ሕይወት ሕልም ናት» ተብሎ ሲተረጎም የዓለምን ከንቱነት የሚያስተምር ስብከት ይመስላል። ይህ ትምህርት በተውኔቱ ውስጥ መኖሩ አይካድም፤ ካልዴሮን የሃይማኖት ሰው ነበር። ነገር ግን መድኃኒቱ፣ መድኃኒቱን ያጠጣው እጅና ያጠጣበት ምክንያት ከርእሱ ይሰወራሉ። ሕልም ማንም ሳይሰጠው ወደ ሰው ይመጣል፤ በዚህ ተውኔት ያለው እንቅልፍ ግን በትእዛዝ የተሰጠ ነው። አማርኛ «ሰመመን» የሚል ቃል አለው፤ ከእንቅልፍና ከሕልም መካከል የሚቆም፣ የመድኃኒትም ጥላ ያለበት ቃል ነው። «ሕይወት ሰመመን» የሚል ርእስ ከሰማያዊው ትምህርት ጥቂት ሊቀንስ ይችላል፤ የቤተ መንግሥቱን ወንጀል ግን አይሸፍንም።

የፍጻሜው ነገር ይህን ያጠናክራል። ያመፁ ወታደሮች ሴሂስሙንዶን ከግንቡ አውጥተው ያነግሡታል፤ አሸንፎም አባቱን ይቅር ይላል። አመፁን ያስነሣው ወታደር ዋጋውን በጠየቀ ጊዜ ግን የሚሰጠው ያንኑ ግንብ ነው። ሐያስያን በዚህ ፍርድ ላይ ብዙ ተከራክረዋል፤ አንዳንዱ የአገር አስተዳደር ብልኃት ነው ይላል፣ አንዳንዱ የአባት ውርስ ነው ይላል። የርእሱን ሁለት ፍቺ ይዞ ለሚያነብ ሰው ሁለተኛው ይበልጥ ያሳምናል። ሴሂስሙንዶ ከሕልም ነቅቷል፤ ሌላውን ማስተኛት ግን ተምሯል።

የሎፔ ዴ ቬጋ «ፉዌንቴ ኦቬሁና» ሌላ መንገድ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1619 የታተመው ይህ ተውኔት የተመሠረተው በኮርዶባ ምድር በ1476 በእውነት በተፈጸመ ታሪክ ላይ ነው። የካላትራቫ ማኅበር ሹም የሆነው ፌርናን ጎሜስ ሴቶችን እየደፈረ፣ ገበሬውን እያንገላታ ሲኖር ነዋሪው በአንድነት ተነሥቶ ገደለው። መርማሪ ዳኛ መጥቶ ሽማግሌ፣ ሴትና ልጅ ሳይለይ ቢያሠቃይም፣ ማን ገደለ ሲባል ሁሉም የሚመልሱት የመንደራቸውን ስም ብቻ ነው። በእስፓንኛ «ፕዌብሎ» መንደርም ነው፣ ሕዝብም ነው። ስለዚህ የተውኔቱ ሕዝብ በመንደሩ ስም ሲመልስ ቃልን አላጣመመም፤ ቋንቋው ራሱ ቦታውንና ሰውን አንድ አድርጎ አስቀምጦለታል። መርማሪው አንድ ተጠያቂ ሰው ይፈልጋል፤ የሚያገኘው ቃል ግን አይከፋፈልም።

ይህን «ሕዝብ» ብሎ መተርጎም ቃሉን ወደ አደባባይ ያወጣዋል፣ አፈሩን ግን ያራግፍለታል፤ «መንደር» ማለት ደግሞ አፈሩን ይዞ አደባባዩን ይነሣዋል። መፍትሔው በእጅ ያለ ቃል ነው። በአማርኛ «አገር» ቦታ ነው፤ «አገር ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው» ሲባል ደግሞ ያወቀው ተራራውና ወንዙ አይደለም፣ ሰው ነው። «አገር ምን ይላል?» ብሎ የሚጨነቅ ሽማግሌ የሚፈራው ሕዝቡን ነው። ማን ገደለው ቢባል «አገር» የሚል መልስ በአማርኛ መድረክ ላይ ያለ ማብራሪያ ይቆማል። ሎፔ ተውኔቱን የሚደመድመው በነገሥታቱ ምሕረት መሆኑም መዘንጋት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በየገጠሩ ሲዞር የነበረው የፌዴሪኮ ጋርሲያ ሎርካ «ላ ባራካ» የቴአትር ጓድ ተውኔቱን ሲያሳይ የነገሥታቱን ትዕይንቶች አስቀርቶ ነበር። ያን ጊዜ «ፕዌብሎ» ያለ ንጉሥ ብቻውን በመድረክ ላይ ቀረ። ቃሉ አልተለወጠም፤ ዐውዱ ግን ተለወጠ፣ ፍቺውም አብሮት።

ወደ ቅርብ ዘመን ሲመጣ፣ ገብርኤል ጋርሲያ ማርኬስ እ.ኤ.አ. በ1961 በመጽሐፍ ያወጣው፣ ለኮሎኔሉ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው እንደሌለ በርእሱ የሚናገረው አጭር ልብ ወለድ አለ። የእርስ በርስ ጦርነት ዘማች የነበረው ሽማግሌ መንግሥት ቃል የገባለትን ጡረታ ፍለጋ ዓርብ ዓርብ ፖስታ የሚያመጣውን ጀልባ ለመቀበል ይወርዳል፤ ደብዳቤው አይመጣም። ልጁ ተገድሏል፤ ቤት ውስጥ የቀረው የልጁ አውራ ዶሮ ነው። የድርሰቱ ዋና ግሥ «ኤስፔራር» ነው፤ መጠበቅም ነው፣ ተስፋ ማድረግም ነው። ሌሎች ቋንቋዎች ሁለቱን ስለሚለዩ ተርጓሚውን ያስጨንቁታል፤ ኮሎኔሉ ይጠብቃል ቢባል ተስፋው ይሞታል፣ ተስፋ ያደርጋል ቢባል የቆመበት ፀሐይ ይጠፋል። የድርሰቱ ጥያቄ ደግሞ ይኸው ነው፤ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ተስፋ አለው ወይ?

ግእዝ «ተሰፈወ» ሲል ተስፋ አደረገም፣ ጠበቀም ማለቱ ነው፤ አማርኛ ግን ስሙን ወስዶ ግሡን ትቶታል። በምትኩ «ደጅ ጥናት» የሚል ከኑሮ የወጣ ቃል አለው። የባለሥልጣን በር ላይ ቆሞ፣ ነገ ይጠሩኛል እያለ ዘመኑን የሚፈጅ ሰው ደጅ ጠኚ ይባላል፤ መጠበቁም ተስፋውም፣ ተስፋውን የያዘበት በርም በቃሉ ውስጥ አሉ። ቃሉ በሁሉም ስፍራ አይገባም፤ ደጅ ጠኚ ባለበሩን ያውቀዋል፣ የኮሎኔሉ በር ግን ፊት የሌለው መሥሪያ ቤት ነው። ቢሆንም በአንድ ቁልፍ ቦታ የገባ እንደሆነ አማርኛ አንባቢ ሽማግሌውን በአንዴ ያውቀዋል።

የቦታም ነገር አለ። በኩባ «ጓጓ» አውቶቡስ ነው፤ በቺሊና በፔሩ ያው ቃል ጡት የሚጠባ ሕጻን ነው። ለአማርኛ ጆሮ ደግሞ የናፈቀ ሰው ሁኔታ ነው። «ቶርቲያ» በእስፓኝ ከእንቁላልና ከድንች የሚሠራ ምግብ ነው፤ በሜክሲኮ ግን የበቆሎ ቂጣ ነው። ይህን ሳያውቅ የሜክሲኮ ልብ ወለድ የሚተረጉም ሰው ቂጣ ብቻ ባለበት የገበሬ ጓዳ እንቁላል ያቀርባል፤ የድኻውን ገበታ በቃል ስሕተት ያበለጽጋል፣ ደራሲው ስለ ረኀብ የጻፈውንም ይሽራል። «አኦሪታ» የሚለው የሜክሲኮ ቃል «አሁኑኑ»ም ነው፣ «ቆይቶ»ም ነው፤ የሚለየው የድምፁ ቃና ነው። ከቤት ሲወጣ «መጣሁ» ብሎ የሚሄድ አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት አስተማሪ አይፈልግም።

በዚህ ረገድ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ያልተጠቀመበት ሀብት አለው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆችና ወጣቶች በኩባ፣ «የወጣቶች ደሴት» በተባለችው ደሴት ትምህርት ቤቶች ገብተው ተምረዋል። እስፓንኛን የያዙት በመዝገበ ቃላት ሳይሆን በመኝታ ክፍልና በእርሻ፣ በጨዋታና በናፍቆት ነው። «ጓጓ» ሲባል አውቶቡሱን ያያሉ፤ «ኤስፔራር» ሲባልም የቤት ደብዳቤ የጠበቁበትን ቀን ያስታውሳሉ። የእስፓንኛን ድርሰት በእንግሊዝኛ ወንፊት ሳያሳልፉ ወደ አማርኛ ለመመለስ ከእነርሱ የተሻለ ዝግጁነት ያለው ማግኘት ያዳግታል፤ የደራስያንና የቴአትር ማኅበራትም ፈልገው ሊያገኟቸው ይገባል።

በሌላ በኩል ከመጠን ማለፍ እንዳይመጣ መጠንቀቅ ያሻል። ሁለት ፍቺ ያለው ቃል ሁሉ ኅብረ ቃል አይደለም። በየ«ባንኮ»ው ሥር ወርቅ የሚቆፍር ሐያሲ በመጨረሻ ደራሲውን ትቶ መዝገበ ቃላቱን ያደንቃል። መመዘኛው ቀላል ነው፤ አንዱ ፍቺ ሲወጣ ድርጊቱ ካልተናጋ፣ መንታነቱ ጌጥ ነበር። የሴሂስሙንዶ እንቅልፍ ሲወጣ ግን ተውኔቱ ይናጋል፤ የመንደሩ ስም ከሕዝቡ ሲለይ መርማሪው ያሸንፋል። ይህን ሁሉ በግርጌ ማስታወሻ ማስረዳት ይቻላል የሚሉም አሉ። ለመጽሐፍ አንባቢ ይህ ይጠቅም ይሆናል። መድረክ ግን ግርጌ የለውም፤ ተመልካቹ ቃሉን የሚሰማው አንዴ ነው፣ ያን ጊዜ ካልገባው ተዋናዩ ተመልሶ አያስረዳውም።

ስለዚህ ተርጓሚው ሊጠይቅ የሚገባው «ይህ ቃል በአማርኛ ምን ይባላል?» ብሎ ብቻ አይደለም፤ «ይህ ቃል በዚህ ቦታ ምን ሥራ ይሠራል? ይህንኑ ሥራ በአማርኛ የሚሠራው ማን ነው?» ብሎም ነው። መልሱ አንዳንዴ «ሰመመን»፣ አንዳንዴ «አገር»፣ አንዳንዴ «ስደት» ይሆናል። ሦስቱም ከውጭ የመጡ አይደሉም፤ ሥራ የሚሰጣቸው እስኪያገኙ በቤታቸው ተቀምጠው የኖሩ ቃላት ናቸው።